ሁለቱ ኤልቪሶች

ባለፈው የካቲት ለዘጠነኛ ክፍል የቅዳሜ አማርኛ ተማሪዎቼ «የማደንቀው ሙዚቀኛ» የሚል ርዕስ ሰጥቼ አንድ ገጽ ጽፈው እንዲመጡ አዘዝኩ። የመጣውም የጠበቅኩት ነበር። አብዛኞቹ ስለ ቴዲ አፍሮ፣ ጥቂቶቹ ስለ ሮፍናን፣ ሁለቱ ስለ በርና ቦይ ጻፉ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ግን ስለ ሰር ኤልቪስ ጽፋ መጣች። ተነሥታ ስታነብ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «እሱ እኮ ኮፒ ነው! የአሜሪካኖችን ዘፈን ነው የሚዘፍነው። ባርኔጣውም ኮፒ፣ እንግሊዝኛውም ኮፒ» አለ አንዱ። አስተማሪያቸው እንደመሆኔ ዝም ማሰኘት ሲገባኝ እኔም አብሬያቸው ፈገግ አልኩ። ልጅቷ ወረቀቷን አጥፋ እየተቀመጠች፣ «ቲቸር፣ እኔስ ታዲያ? ናይሮቢ ተወልጄ አማርኛ የምጽፈው፣ እኔም ኮፒ ነኝ?» አለችኝ።

ደወሉ አዳነኝ። መልሱን ለማግኘት ግን ይኸው ወራት ፈጀብኝ። ለዘንድሮው የትምህርት ቤታችን መጽሔት ጽሑፍ እንዳቀርብ ስጠየቅ እንደ ልማዴ ስለ ፊደላችን ልጽፍ አስቤ ነበር። ስለ ካንትሪ ሙዚቃ መጻፌ የሚገርማችሁ ወላጆች እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። የምለው ረጅም አይደለም። በምንኖርበት ከተማ፣ አንዳንዴም ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ እጅግ ጥሩ የካንትሪ ሙዚቀኞች አሉ። የሚገባቸውን ክብር የገዛ አገራቸው ሰዎችም በቅጡ አልሰጧቸው፣ እኛም አልሰጠናቸው። በዚህ ክረምት የሚሰበሰቡበት ትልቅ መድረክ አለ። እኔ ቀኑን እየቆጠርኩ ነው፤ እናንተም ብትመጡ ደስ ይለኛል።

ናይሮቢ አዲስ የገባ ሐበሻ ከሚገረምባቸው ነገሮች አንዱ እሑድ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጆሮ ሲያደነቁር የከረመው የማታቱ ድምፅ ማጉያ እሑድ ሲሆን ለስለስ ይልና ኬኒ ሮጀርስ ይዘፍንበታል። ፀጉር ቤት ስትገቡ ዶሊ ፓርተን፣ ሥጋ ቤት ተቀምጣችሁ ንያማ ቾማ ስትጠብቁ ዶን ዊሊያምስ። እኔ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ስመጣ በመጀመሪያው እሑድ የሰማሁት ከግቢያችን በር ላይ ነበር። ሁላችንም ምዜ የምንላቸው ሽማግሌ ዘበኛችን፣ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ሬዲዮ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ጂም ሪቭስ» አሉኝ፣ የአጎታቸውን ልጅ ስም እንደሚነግሩኝ ሁሉ። ቀጥለውም በአውሮፕላን አደጋ መሞቱን እያዘኑ ነገሩኝ። አነጋገራቸው ትናንት የተቀበረ አስመስሎት ስለነበር «ነፍስ ይማር» አልኩ። ሰውየው የሞተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1964 መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። ዘበኛችን ያኔ ገና እረኛ ልጅ ነበሩ።

ይህ ፍቅር ከየት መጣ? ብዙ ኬንያውያንን ጠይቄአለሁ፤ መልሳቸው ይመሳሰላል። ዘፈኑ ስለ እናት ነው፣ ስለ እርሻ ነው፣ ስለ ዝናብና ስለ ዕዳ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ጥሎ ስለሄደ ፍቅር ነው። ላሟን አልቦ፣ ሻዩን ለቅሞ ያደገ የደጋ ሰው ለዚህ ትርጉም አያሻውም። ቃሉም ግልጽ ነው፤ ትምህርት ቤት በተማሩት እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ይከተሉታል። በእኔ በኩል መጀመሪያ ላይ ያራቀኝ ይኸው ግልጽነቱ ነበር። በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ የተደበቀ ነገር ይፈልጋል። ካንትሪ ደግሞ ምንም አይደብቅም፤ «አባቴ ሞተ፣ አዘንኩ፣ መኪናውን ሸጥኩ» ብሎ ይጨርሳል። ወርቅ የሌለው ሰም መስሎኝ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ሳይደብቁ እየተናገሩ ሰውን ማስለቀስ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ዘፋኙ በቅኔ መጠለል ስለማይችል በድምፁ ብቻ መታመን አለበት።

ወደ «ኮፒ» እንመለስ። ተማሪዎቼ ካንትሪ የነጭ አሜሪካውያን ንብረት ነው፣ ሌላ ሰው ሲነካው መዋስ ይሆናል ብለው ያምናሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ያ ደረቅ ድምፅ ያለው ባንጆ የተገኘው በባርነት ወደ አሜሪካ የተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን ከአገራቸው ትዝታ ከሠሩት መሣሪያ ነው። ቫዮሊኑ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ መጣ። የሚያለቅሰው የብረት ጊታር አጨዋወት የሃዋይ ደሴት ሰዎች ነው። ድምፅን ከወፍራም ወደ ቀጭን እየሰበሩ መዝፈኑ ደግሞ ከአልፕስ ተራሮች። እና ካንትሪ ሲወለድም ተዋሶ ነው የተወለደው። በነገራችን ላይ አሜሪካኖቹም መጀመሪያ ይህን ሙዚቃ ይጠሩት የነበረው በስድብ ስም ነው፤ «ሂልቢሊ» ይሉታል፣ እኛ አዲስ አበባ ላይ አንድን ሰው «ባላገር!» ብለን እንደምንሰድበው ማለት ነው። ባላገሩን ሰድበን ስናበቃ ማታ ባህል ምሽት ቤት ገብተን እስክስታውን በውድ ዋጋ እናያለን። እነሱም እንደዚሁ አድርገዋል።

በዚያው በአሜሪካ የተረሱም አሉ። ቢዮንሴ እ.ኤ.አ. በ2024 «ካውቦይ ካርተር» የሚለውን አልበሟን ስታወጣ ልጆቻችን ሁሉ ሰምተውታል። በአልበሙ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ይሰማል፤ ሊንዳ ማርቴል ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 በናሽቪል ታላቅ መድረክ በግራንድ ኦል ኦፕሪ ለብቻዋ ቆማ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሳቸው ነበሩ። በ1970 አንድ አልበም አወጡ፤ ሁለተኛ አልበም ግን አልነበራቸውም። ሙዚቃው ትቷቸው ሄደ፣ ወይም እሳቸው ትተውት ሄዱ። ቻርሊ ፕራይድ የተሻለ ዕድል ገጠመው፤ ሚሲሲፒ ጥጥ ሲለቅም ያደገ ጥቁር ሰው እስከ ካንትሪ የክብር አዳራሽ ደረሰ። ሆኖም የመጀመሪያ ሸክላዎቹ ወደ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሲላኩ ፎቶግራፉ አብሮ አልተላከም ነበር። ድምፁን ወድደው መልኩን ሲያዩ እንዳይተዉት ተፈርቶ ነው።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ ግን እዚሁ ኬንያ የተፈጸመው ነው፤ ይህን ለክፍሉ ያን ዕለት ባለመንገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የካንትሪ አባት ከሚባሉት አንዱ ጂሚ ሮጀርስ የባቡር ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ዘፈኑን በሸክላ ቀረጸ፣ በ1933 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ዕድሜው 35 ብቻ ነበር። ሸክላዎቹ ግን ባሕር ተሻግረው በሸክላ ማጫወቻ ታጅበው እስከ ስምጥ ሸለቆ ደረሱ። የኪፕሲጊስ ሰዎች ድምፁን ሰሙት። ሰውየውን አላዩትም፣ ቋንቋውንም አያውቁትም፤ ይህን የመሰለ ድምፅ የሚያወጣ ፍጡር ተራ ሰው ሊሆን አይችልም ብለው ግማሹን ሰው፣ ግማሹን ድኩላ አደረጉት። ስሙንም በራሳቸው አንደበት «ቼሚሮቻ» አሉት፤ ጂሚ ሮጀርስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ሂዩ ትሬሲ የሚባል ሙዚቃ ቀራጭ ወደ መንደራቸው ሲመጣ ስለ ቼሚሮቻ ዘፈኑለት። ያጀባቸው መሣሪያ ምን ይመስላችኋል? ክራር ብዬ ልጥራው፤ የእኛን ክራር የሚመስል፣ የሥጋ ዘመዱ የሆነ ባለ ገበቴ መሣሪያ ነው። ቅጂው ዛሬም አለ፤ ልጆቹ ሲዘፍኑ ብትሰሙ የምትሰሙት የኪፕሲጊስ ሙዚቃ ነው፣ ናሽቪል የለበትም። የአንድ ባላገር ድምፅ ሌላ ባላገር ጋ ደረሰ፤ ሌላው ባላገር በክራር ተቀበለው። ይህንን «ኮፒ» የሚል ሰው ካለ ቅዳሜ ይምጣና እንከራከር።

ያቺ ተማሪ የጻፈችለት ሰር ኤልቪስ ትክክለኛ ስሙ ኤልቪስ ኦቲየኖ ነው። ስሙን ያወጡለት ወላጆቹ ናቸው፤ ለኤልቪስ ፕሪስሊ ክብር። ረዘም ያለ፣ ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት በናይሮቢ መጠጥ ቤቶችና አዳራሾች የጂም ሪቭስን፣ የዶን ዊሊያምስን ዘፈኖች ሲጫወት ኖሯል። ከሴቶቹ ኤስተር ኮንካራ አለች። ሌሎችም አሉ፤ ስማቸው በጋዜጣ ያልወጣ፣ ዐርብና እሑድ ማታ የሚጫወቱ። ልጁ በክፍል ውስጥ «ስሙም ኮፒ ነው» ቢል ኖሮ እንኳ መልስ ነበረኝ። እኛም አንድ ኤልቪስ ነበረን። አለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ ፀጉሩን እንደ ኤልቪስ ፕሪስሊ አበጥሮ፣ እንደ እርሱ ለብሶ መድረክ ላይ ሲወጣ የኢትዮጵያው ኤልቪስ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ ሥራ ሲጀምር ካወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች አንዱ የእርሱ «ትማርኪያለሽ» ነው። በ2021 ሲያርፍ አገር አለቀሰለት። ከለቃሾቹ መካከል «ኮፒ ነበር» ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። የአሜሪካንን ነገር ወስዶ በእኛ ጉሮሮ አሳልፎ ሰጠን፤ ከዚያ በኋላ የእኛ ሆነ። ታዲያ ለአለማየሁ የፈቀድነውን ለኦቲየኖ የምንከለክለው በምን ሚዛን ነው?

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ደስ የሚል አይደለም።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ የሐበሾች የበዓል ዝግጅት ላይ በኮሚቴ አገልግዬ ነበር። የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ገንዘብ ያዡ ግን እኔ ነበርኩ። ዘበኛችን ምዜ አንድ የሚያውቁትን ጊታር ተጫዋች ጠቆሙን፤ ከምሳ በኋላ ለአንድ ሰዓት እንዲጫወት በዐሥር ሺህ ሽልንግ ተስማማን። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጫማው የተወለወለ፣ ባርኔጣውን ከመድረክ ሲወርድ የሚያወልቅ ጨዋ ሰው ነበር። ጀመረ። አዳራሹ ያወራል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ሰው ቡናውን ይጠጣል፤ አንድም ጆሮ የሰጠ የለም። ሦስተኛውን ዘፈን ሳይጨርስ ከኮሚቴያችን አንዱ ለዲጄው በእጁ ምልክት ሰጠ። ዲጄው ከበሮ የበዛበት ጉራግኛ ከፈተበት፤ ሕዝቡም እልል ብሎ ተነሣ። ሰውየው ጊታሩን እንዳቀፈ ትንሽ ቆሞ አየን፤ ከዚያም ወረደ።

ክፍያው ላይ ክርክር ተነሣ። «ሩቡን እንኳ አልዘፈነም» ተባለና ግማሹ ይሰጠው ተብሎ ተወሰነ። አምስት ሺህ ሽልንጉን ቆጥሬ በእጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንዲያቆም ያደረግነው እኛ ሆነን ሳለ ስላቆመ ቀጣነው ማለት ነው። እርሱ አልተከራከረም። «አሳንቴ ሳና» ብሎ ገንዘቡን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተና ጊታሩን በጨርቅ ከረጢት አዝሎ ማታቱ ሊጠብቅ ወጣ። በኮሚቴው ሂሳብ መዝገብ ላይ «ሙዚቀኛ (ካንትሪ)፣ 5,000» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩት። በጀት በመቆጠቤም ተመሰገንኩ።

ያን ሰው ዳግመኛ ያየሁት ከዓመት ገደማ በኋላ ነው። ምዜ የልጃቸውን መመረቅ ምክንያት አድርገው ንጎንግ መንገድ አካባቢ ወዳለ አንድ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ሥጋ ቤት ጋበዙኝ። መድረክ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እርሱ። ባርኔጣውን አይቼ አንገቴን ደፋሁ። አላወቀኝም፤ ወይም አላወቀ መሰለ። ያን ማታ ግን ሙዚቀኛ ምን እንደሆነ አየሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሲጫወት ዕረፍት የወሰደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሰዎች በቁራጭ ወረቀት የዘፈን ስም እየጻፉ ይልካሉ፤ ወረቀቱን አይቶ ራሱን ይነቀንቅና ይጀምራል፤ «አላውቀውም» ያለው አንድም የለም። ለብረት ጊታር የሚሆን ገንዘብ ስለሌላቸው አንደኛው ልጅ የጠርሙስ አንገት ጣቱ ላይ አጥልቆ ተራውን ጊታር ያስለቅሰዋል። ሕዝቡ ደግሞ፦ አናጢው፣ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ክራቫቱን ያላላ ጠበቃ ሁሉም ቃሉን ያውቁታል፣ አብረው ይዘፍናሉ። ጉርሻው በኤምፔሳ ይላካል፤ በየጥቂቱ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጮሃል፣ እርሱ ሳያቋርጥ ወደ ላኪው አቅጣጫ ባርኔጣውን ነካ ያደርጋል።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አንድ በኪኩዩ ቋንቋ የሆነ ዘፈን ዘፈነ። ምዜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የራሱ ሥራ መሆኑን ነገሩኝ፤ ስለ እናቱ ነው፣ ሻይ ለቅማ ስላስተማረችው። ሕዝቡ ለዚያ ዘፈን ያጨበጨበው ለኬኒ ሮጀርስ ካጨበጨበው ያነሰ ነበር። ይህ ሲሆን ፊቱን አይቻለሁ። ከዚያ ተነሥቶ ሰውን ለማስደሰት ወደ ሙጊቲ ተሻገረ። ሙጊቲ ማለት በኪኩዩ ባቡር ማለት ነው፤ አንድ ጊታር ይዞ አንድ ሰው ይዘፍናል፣ ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ እንደ ባቡር ፉርጎ ይሰለፋል። የባቡር ሠራተኛው ጂሚ ሮጀርስ ቢያይ ይስቅ ነበር። እኔም ከምዜ ኋላ ፉርጎ ሆኜ ዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ እየተመላለስኩ አዳምጣለሁ፤ ስለዚህ ሙዚቀኞቹን ያደነቅሁት በደፈናው አይደለም። የማይመቸኝም አለ። አንዳንዶቹ ዘፈን ሲጀምሩ አንደበታቸውን ቴነሲ ተወልደው ያደጉ ለማስመሰል ይጠመዝዙታል፤ በተፈጥሮ አነጋገራቸው ቢዘፍኑ ይበልጥ ይጥማል ባይ ነኝ። የራሳቸው ድርሰትም ከሚገባው በታች ነው። ግን የዚህ ጥፋተኛ ማን ነው? እሑድ እሑድ ሬዲዮው የሚያሰማው የሞቱትን አሜሪካውያን ነው፤ በሕይወት ያለው ኬንያዊ ዘፋኝ በዚያው ሬዲዮ ስንት ጊዜ ይሰማል? ባለ መጠጥ ቤቱ የሚከፍለው ሰው ለሚያውቀው ዘፈን ነው። ወጣቱ «የሽማግሌ ሙዚቃ» ይለዋል። አድማጭ የራሳቸውን ሥራ ካልጠየቃቸው፣ ልጅ የሚያሳድግ ሙዚቀኛ ሌሊቱን ሙሉ ያልተጠየቀውን እንዲዘፍን መጠበቅ የዋህነት ነው። እናም የምመክረው ነገር ቢኖር ይኸው ነው፦ የምትሄዱ ከሆነ በወረቀቱ ላይ «የራስህን» ብላችሁ ጻፉለት። እኔ ባለፈው ጥቅምት እንዲህ ጻፍኩ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየው።

ስለ ራሳችንም ትንሽ ልበል። የእኛ ማኅበረሰብ ሙዚቃ አይወድም የሚል የለም። ከአዲስ አበባ ታዋቂ ዘፋኝ ሲመጣ ትኬቱ የቱንም ያህል ቢወደድ እንገዛለን፤ ደግ እናደርጋለን፣ ናፍቆት ነው። ግን ዐሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት በምንኖርበት ከተማ የአንድ ኬንያዊ ሙዚቀኛ ስም ጥሩ ቢባል ስንቶቻችን እንጠራለን? ልጆቻችን ይጠራሉ። ልጆቻችን በሦስት ቋንቋ ያልማሉ፤ እኛ አማርኛቸው ስዋሂሊ ስዋሂሊ ይላል ብለን እንስቅባቸዋለን። በየካቲት ክፍሉ ውስጥ የተሳቀው በሰር ኤልቪስ ብቻ አልነበረም፤ ልጅቷ ይህን ከእኔ ቀድማ ነው የገባት።

አሁን ወደ ደስታው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በፈረንጆቹ ሐምሌ መጨረሻ ገደማ በንጎንግ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ዓለም አቀፍ የካውቦዮችና የካውገርሎች ቀን የሚባል በዓል ይከበራል። በእኛ አቆጣጠር የሐምሌ ገብርኤል ሰሞን መሆኑ ነው። ከመጠጥ ቤት ጨለማ የወጣ፣ በሜዳ ላይ በቀን ብርሃን የሚደረግ ስለሆነ ለተማሪዎችም ይመቻል፤ ቤተሰብ ሣር ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ ሕዝቡ ባርኔጣና ቦት ጫማ አድርጎ በመስመር ተሰልፎ ይደንሳል። እነዚያ በዓመት ሦስት መቶ ሌሊት ለሠላሳ ሰው የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ያን ቀን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፊት ይቆማሉ። እኔ የምናፍቀው ይህንን ነው። ወፍራሙ የኦቲየኖ ድምፅ ከቆርቆሮ ጣራ በታች ሳይታፈን በሜዳ ላይ ሲሄድ ምን እንደሚመስል መስማት እፈልጋለሁ። ሐምሌ ናይሮቢ ላይ ብርድ ነው፤ ጃኬት ያዙ።

ከትምህርት ቤታችን ዐሥራ አራት ሰው የሚይዝ ማታቱ ለመከራየት አስበናል። ቅዳሴ የምታስቀድሱ አትስጉ፤ ከቀትር በኋላ ነው የምንነሣው። ከዘጠነኛ ክፍል አምስት ተማሪዎች ተመዝግበዋል፤ ያ «ኮፒ» ያለው ልጅም አለበት፣ ለመሳቅ ነው የምሄደው ብሏል። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትመጣለች። አባቷ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ሳሉ የጂም ሪቭስ ካሴት እንደነበራቸው ሲነግሩኝ ልጃቸው አፏን ከፍታ ቀረች፤ ሰምታ አታውቅም። ምዜ ጡረታ ወጥተው ወደ ንየሪ ቢመለሱም ለዚያ ቀን እንደሚመጡ በስልክ ነግረውኛል።

ያ ጊታር ተጫዋች ዘንድሮ በሜዳው መድረክ ላይ የለም፤ ደውዬ ጠይቄው ነበር። በዚያው ዕለት ማታ ግን እንደ ወትሮው በዚያችው ቆርቆሮ ቤት ይጫወታል። ተማሪዎቹን ወደየቤታቸው ካደረስን በኋላ ትልልቆቹ ወደዚያ እናልፋለን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አምስት ሺህ ሽልንጉን በኤምፔሳ ላክሁለት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መልእክት መጣ፤ «የምንድን ነው?» ይላል። እስካሁን አልመለስኩለትም። በአካል ብነግረው ይሻላል ብዬ ነው።

በማታቱው አምስት መቀመጫ ይቀራል። ባርኔጣ ግዴታ አይደለም።